ባሕር ዛፍ ወረቀት ሲሆን
ያለ ድኝ መቀቀል ያለው ጥቅምና ጉዳት

ወረቀት ከምን ይሠራል? አብዛኛው ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ነው። እንጨት ስንል ሌላ የተለየ ነገር አይደለም። ለማገዶ የምንፈልጠው፣ ለማገርና ለወራጅ የምንቆርጠው ያው እንጨት ነው። ፍላቂት ገበያ ላይ አጠናው ተቆልሎ የሚሸጠው ባሕር ዛፍም ወረቀት ይሆናል። እንዲያውም ለጽሕፈትና ለመጽሐፍ የሚሆን ወረቀት ለመሥራት በዓለም ላይ በብዛት ከሚፈለጉት ዛፎች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው።

ታዲያ በመጥረቢያ ካልሆነ የማይበገረው እንጨት እንዴት አድርጎ በእጅ የሚታጠፍ ወረቀት ይሆናል? ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ ወረቀቱን ራሱን እንመርምር። አሮጌ ደብተር ካላችሁ አንድ ቅጠል ቅደዱ። ከዚህ መጽሐፍ ግን አትቅደዱ፤ ገና ብዙ ሰው ያነበዋል። የተቀደደውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ተመልከቱ። ጥቃቅን ፀጉር የመሰለ ነገር ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል። ይህ የእንጨቱ ጭረት ነው። ወረቀት ማለት እንግዲህ ብዙ ሺህ ጭረት በውኃ ተበጥብጦ፣ በወንፊት ላይ ተነጥፎ፣ ተጨምቆና ደርቆ እርስ በርሱ የተያያዘ ማለት ነው። የባሕር ዛፍ ጭረት ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከጤፍ ፍሬ ርዝመት ብዙም አይበልጥም።

ጭረቶቹ በእንጨቱ ውስጥ እያሉ ብቻቸውን አይደሉም። የሚያጣብቃቸው ነገር አለ። ስሙም ሊግኒን ይባላል። የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ። እንጨቱና ማገሩ አለ፤ በመካከሉ ጭቃው አለ። ጭቃው ማገሩን አጥብቆ ይይዘዋል። ክዳኑ አፍስሶ ዝናብ ሲገባ ግን ጭቃው ይረግፍና ማገሩ ራቁቱን ይቀራል። በእንጨት ውስጥ ጭረቱ እንደ ማገር፣ ሊግኒኑ እንደ ጭቃ ነው። ወረቀት ሠሪ የሚፈልገው ማገሩን ነው። ስለዚህ ጭቃውን ማርገፍ አለበት። ቃጫ የሚሠራ ሰውም የሚያደርገው ከዚህ አይርቅም፤ ቅጠሉን ቀጥቅጦ ወይም ዘፍዝፎ ሥጋውን ያስወግድና ክሩን ያስቀራል። ልዩነቱ የእንጨት ሊግኒን በቀላሉ አለመልቀቁ ነው። ውኃ ብቻውን አይበቃውም። መድኃኒት ይፈልጋል፤ እሳትም ይፈልጋል።

መድኃኒቱ ምን ይሁን? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ድኝ ያለበትን መድኃኒት ይጠቀማል። ሌላው ድኝ የሌለበትን ይጠቀማል። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ሁለቱም ጉዳት አላቸው።

ሰፊ ቅጠልና መርፌ ቅጠል

ከዚያ በፊት ግን ስለ ዛፎቹ ትንሽ እንነጋገር። የወረቀት ባለሙያዎች ዛፎችን በሁለት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ቅጠላቸው ሰፋ ያለ ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር ከነዚህ ይቆጠራሉ። ጠንካራ እንጨት ይሏቸዋል። ሁለተኛዎቹ ቅጠላቸው እንደ መርፌ የቀጠነ ወይም እንደ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ከነዚህ ናቸው። ለስላሳ እንጨት ይሏቸዋል። ይህ ስም ግን አያሳስታችሁ። የሐበሻ ጥድ በመጥረቢያ የመታ ሰው ለስላሳ ነው ብሎ አይናገርም። ስሙን ያወጡት ሰዎች የጥድ አጥር ያጠሩ አይመስለኝም። ክፍፍሉ በዛፉ ዘር እንጂ በእንጨቱ ጥንካሬ አይደለም።

ለወረቀት የሚጠቅመው ልዩነት ሌላ ነው። የመርፌ ቅጠል ዛፎች ጭረት ረጅም ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ረጅም ጭረት በደንብ ይያያዛል። ስለዚህ የሲሚንቶ ከረጢትን ለመሰለ፣ ሲጎተት ለማይቀደድ ወረቀት ይሆናል። የሰፊ ቅጠል ዛፎች ጭረት አጭር ነው። ከሱ የሚሠራው ወረቀት ቶሎ ይቀደዳል፤ ነገር ግን ልሙጥ ነው፤ በአንዱ ገጽ የተጻፈው በሌላው ገጽ ብዙ አያሳይም። ለደብተርና ለመጽሐፍ የሚፈለገው ይህ ነው። ደግሞም የሰፊ ቅጠል ዛፎች ሊግኒን ያነሰ ነው። ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ18 እስከ 25 ኪሎ ይሆናል። በመርፌ ቅጠል ዛፎች ከ25 እስከ 32 ኪሎ ይደርሳል። ከማነሱም በላይ ሲቀቀል ቶሎ ይለቃል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ያለ ድኝ መቀቀል ለባሕር ዛፍ የሚያዋጣው፣ ለጥድ ግን የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የባሕር ዛፍ ዘር ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ነበርና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ተደርሶ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደረሰ። ሲቆረጥም ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ዛሬ በመቄትና በላስታ ደጋ ከየቤቱ ጓሮ የማይጠፋው ነጭ ባሕር ዛፍ በፖርቱጋል አገርም በሰፊው ይተከላል። በዚያ አገር ካሲያ በምትባል ቦታ ያለው ፋብሪካ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ዛፍ እየቀቀለ ወረቀት አድርጎታል። ብራዚልም ሌላውን የባሕር ዛፍ ዓይነት ተክላ፣ የተቀቀለውን ጭረት ለዓለም በመሸጥ ዛሬ አንደኛ ናት። የተቀቀለው ጭረት ፐልፕ ይባላል።

የኛስ አገር? በወንጂ፣ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ፣ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የወረቀት ፋብሪካ ተተክሏል። ነገር ግን ፋብሪካው ወረቀቱን ሲሠራ የኖረው በአብዛኛው ከውጭ አገር ተገዝቶ በሚመጣ ፐልፕና ከየቦታው በሚሰበሰብ አሮጌ ወረቀት ነው። ባሕር ዛፍ ደጁ ላይ የቆመ አገር የባሕር ዛፍ ፐልፕ በመርከብ ያስመጣል ማለት ነው። ለምን ቢባል ወረቀት ማንጠፍ አንድ ነገር፣ እንጨት መቀቀል ሌላ ነገር ነው። ከባዱ መቀቀሉ ነው።

እንጨት እንዴት ይቀቀላል?

ግንዱ በመጀመሪያ ይላጣል። ከዚያም በመኪና ተከትፎ የጣት ውፍረት እንኳ የሌለው ፍቅፋቂ ይሆናል። ፍቅፋቂው ወደ ትልቅ የብረት በርሜል ይገባል። በላዩ መድኃኒት የተቀላቀለበት ውኃ ይፈስበታል። በርሜሉ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋና በእንፋሎት ይሞቃል።

ለምን ይዘጋል? በደጋ የምትኖሩ ሴቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በፍላቂት ደጋ ባቄላ ንፍሮ ለማብሰል ከቆላው ይልቅ ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ንፍሮው ግን አይበስልም። ምክንያቱ የአየሩ ክብደት ነው። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከፍ ባለው ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል ብትማግዱበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ እየተነነ ያልቃል እንጂ። ድስቱ ጥርቅም ብሎ ቢዘጋ ግን እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ውኃውን ይጫነዋል፤ ሙቀቱም ወደ ላይ ይወጣል። የፋብሪካው በርሜል በዚህ መንገድ ከ160 እስከ 170 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ጥቂት ሰዓት ሲቀቀል ሊግኒኑ ይሟሟል። ጭረቱ ይላላል። በመጨረሻ በርሜሉ ሲከፈት እንደ ቡላ ገንፎ የላላ ቡናማ ነገር ይወጣል። ፐልፕ ማለት ይህ ነው።

ከሱ ጋር ጥቁር ውኃ ይወጣል። ይህን ጥቁር ውኃ አትርሱት። ኋላ እንመለስበታለን።

መድኃኒቱ፤ ሶዳ ብቻ ወይስ ሶዳና ድኝ?

የአመድ ውኃ በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ያሙለጨልጫል። ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው መድኃኒት የዚህ ዓይነት ጠባይ አለው፤ ኃይሉ ግን እጅግ ይበልጣል። የልብስ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ከሞራ ወይም ከዘይት ጋር የሚቀላቅሉት እሱን ነው። ቆዳ ላይ ቢፈስ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ያሳውራል። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሂው በርጀስና ቻርልስ ዋት የተባሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝ አገር እንጨትን በኮስቲክ ሶዳ ቀቅለው ወረቀት ሠሩ። የሶዳ ዘዴ የሚባለው ይህ ነው። ድኝ የለበትም። ከዚያ በፊት በአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው በአብዛኛው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። በኛም አገር መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ብዙ ፍየል ይታረድ ነበር። ስለዚህ እንጨትን ወረቀት ማድረግ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ካርል ዳል የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሰው በዳንዚግ ከተማ ሲሠራ ሳለ፣ በየጊዜው የሚጎድለውን ሶዳ በርካሽ ነገር ለመተካት ፈለገ። የተካበት ነገር ድኝ ያለበት ጨው ነበር። ይህ የሆነው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። ያልታሰበ ነገር ታየ። እንጨቱ ቶሎ በሰለ። ወረቀቱም በጣም ጠንካራ ሆነ። ስለዚህ ዘዴው ክራፍት ተባለ፤ ክራፍት በጀርመንኛ ኃይል ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በመድኃኒት ከሚቀቀለው እንጨት አብዛኛው፣ የብራዚልና የፖርቱጋል ባሕር ዛፍ ጭምር፣ የሚቀቀለው በክራፍት ዘዴ ነው። የድኙ ሥራ ሊግኒኑን ቶሎ ቆራርጦ ማሟሟት ነው። ሶዳው ብቻውን ሲሆን ሥራው ይዘገያል። በሚዘገይበትም ጊዜ የምንፈልገውን ጭረት ጭምር እየሸረፈ ይበላዋል።

ያለ ድኝ የመቀቀል ጥቅም

በመጀመሪያ ሽታው ነው። ድኝ ባለበት የሚሠራ ፋብሪካ አካባቢውን የተበላሸ እንቁላል፣ የበሰበሰ ጎመን ሽታ ያሸተዋል። ነፋስ ከወሰደው ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የሰው አፍንጫ ይህን ሽታ እጅግ በትንሹም ቢሆን ያውቀዋል። ጉዳዩ የአፍንጫ ብቻ አይደለም። ከድኝ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ቦታ ከበዛ ሰው ይገድላል። ክፋቱ ደግሞ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰውዬው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲገባ እዚያው ይወድቃል። ሶዳ ብቻ በሚሠራበት ፋብሪካ ይህ አደጋ የለም።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው። የሚያስፈልገው ሶዳና ኖራ ብቻ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ሶዳ አሽ ከሚባለው ጨውና ከኖራ ይገኛል። ሶዳ አሽ በአገራችን አለ። ከአቢጃታ ሐይቅ ውኃ እየተቀዳ፣ በፀሐይ እየተነነ ሲመረት ኖሯል። ዝዋይ ከተማ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው፣ ከሱ ኮስቲክ ሶዳ የሚያወጣ ፋብሪካ ተሠርቷል። እንግዲህ ቢያንስ መድኃኒቱ ከውጭ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ይህን ስል ግን አንድ ነገር ልጨምር። የአቢጃታ ሐይቅ በጣም ሸሽቷል። ጥፋቱ የሶዳው ብቻ አይደለም፤ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ከቡልቡላ ወንዝና ከዝዋይ ሐይቅ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃም አለበት። ነገር ግን ሐይቅ ጎተራ አይደለም፤ ሲዘግኑት ያልቃል። ጎተራም ቢሆን ያልቃል።

ሦስተኛው ጥቅም ከሊግኒኑ የሚገኘው ነው። ድኝ ያልነካው ሊግኒን ንጹሕ ስለሆነ ለእንጨት ማጣበቂያ ሙጫና ለሌላም ነገር ለማዋል ይቀላል። ድኝ የገባበት ግን ሲሞቅ ይሸታል።

ያለ ድኝ የመቀቀል ጉዳት

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ከላይ እንዳልነው ሶዳው ብቻውን ሲሆን ጭረቱን ይሸርፈዋል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ባሕር ዛፍ በድኝ ዘዴ 50 ኪሎ ያህል ፐልፕ ቢገኝ፣ በሶዳ ብቻ ከዚያ 2 ወይም 3 ኪሎ ሊያንስ ይችላል። ትንሽ ይመስላል። ለትልቅ ፋብሪካ ግን በዓመት ብዙ ጫካ ማለት ነው። ወረቀቱም በመጠኑ ይደክማል፤ ሲነጣም ያስቸግራል። ለከረጢት አይሆንም። ለጥድማ ጭራሽ አይሞከርም፤ የጥድ ወረቀት የሚፈለገው ለጥንካሬው ነውና ጥንካሬው ከጠፋ ምን ቀረ?

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ነገር በ1977 እ.ኤ.አ. በካናዳ አገር ሆልተን የተባለ ሰው አሳየ። አንትራኪኖን የሚባል ብጫ ዱቄት ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 100 ግራም ብቻ ቢጨመር ሊግኒኑ ቶሎ ይለቃል፤ ጭረቱም ከመሸረፍ ይድናል። በሰፊ ቅጠል ዛፎች ላይ ሲሠራ ከድኙ ዘዴ ጋር ለመተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። አንድ ጭብጥ እርሾ አንድ ጋን ጠላ እንደሚያነሣ ዓይነት ነው፤ መጠኑ ትንሽ፣ ሥራው ብዙ። የሶዳ ዘዴ ከተረሳበት እንደገና ስሙ የተነሣው በዚህ ዱቄት ምክንያት ነው። ይሁንና ዋጋው ርካሽ አይደለም። ከዚያም ወዲህ ሌላ ጥርጣሬ መጣ። የካንሰር በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ነገሮች መካከል ተመዘገበ። በ2013 እ.ኤ.አ. የጀርመን መንግሥት መሥሪያ ቤት ምግብ ለሚጠቀለልበት ወረቀት ከሚፈቀዱት ነገሮች ዝርዝር ሠረዘው። ለደብተር ወረቀትና ለስኳር መጠቅለያ አንድ ዓይነት ሕግ ሊኖር አይገባም ማለት ነው።

ኖራውም ይበዛል። በድኝ ዘዴ ከመድኃኒቱ ሩብ ያህሉ ከድኝ ጋር ተጣምሮ ስለሚመለስ ኖራ አይፈልግም። በሶዳ ዘዴ ግን ሁሉም በኖራ መታደስ አለበት። ስለዚህ የኖራው ምድጃ በሲሶ ያህል መተለቅ ይኖርበታል። ምድጃ ሲተልቅ ነዳጁም አብሮ ይጨምራል።

ጥቁሩ ውኃ

አሁን ወደ ጥቁሩ ውኃ እንመለስ። በኔ አስተያየት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። አንድ ሰው፣ «ሽታ ከሌለውማ ምን ይጎዳል?» ሊል ይችላል። ይጎዳል እንጂ! ሒሳቡን እንሥራ።

100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ በርሜሉ ገባ። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳም ገባ። 50 ኪሎ ያህል ፐልፕ ወጣ። ሌላው 50 ኪሎ እንጨት የት ሄደ? ሶዳውስ? ሁሉም በጥቁሩ ውኃ ውስጥ ነው። ይህ ውኃ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ ሦስት ነገር ይደርሳል። ሶዳው ያቃጥላል። ጥቁረቱ ብርሃን ይከለክላል። የተሟሟው እንጨትም ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ዓሣ ታፍኖ ይሞታል። ከብት ከዚህ ወንዝ አይጠጣም። ጓሮም በሱ ውኃ ቢጠጣ መሬቱ ጨው ይይዛል።

ደህና ፋብሪካ ጥቁሩን ውኃ አይጥለውም። አትንኖ እንደ ማር ያወፍረውና በምድጃ ያነደዋል። የተሟሟው እንጨት ማገዶ ይሆናል፤ ከእሳቱ የሚገኘው እንፋሎት ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል። ሶዳው አይቃጠልም፤ ቀልጦ ከታች ይቀራል። ይህ ቅላጭ በውኃ ተበጥብጦ ከኖራ ጋር ሲቀላቀል እንደገና ኮስቲክ ሶዳ ይሆናል። ከ100 ኪሎ ሶዳ 95 ኪሎ ያህሉን እንዲህ አድርጎ መመለስ ይቻላል። ቀጥሎ ላለው ቅቅል ያው መድኃኒት ይሠራል። የባሕር ዛፍ ጥቁር ውኃ ለዚህ ይመቻል። የገለባና የአገዳ ግን አሸዋ መሰል ነገር ስላለበት በትነናው ቧንቧ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል።

ችግሩ ምንድን ነው? ይህ ምድጃና ትነና ከፋብሪካው ክፍል ሁሉ ውዱ ነው። ትንሽ ፋብሪካ ሊገዛው አይችልም። የድኝ ዘዴ ያለዚህ ምድጃ ጨርሶ አይሆንም፤ ድኙን እንደገና የሚያነሣው ምድጃው ነውና። ሽታውም ከሩቅ ያጋልጠዋል። የሶዳ ዘዴ ግን ያለ ምድጃም ይሠራል። ሶዳ ገዝቶ፣ ቀቅሎ፣ ጥቁሩን ውኃ ሌሊት ወደ ወንዝ ለቆ ዝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለጥቃቅን ባለፋብሪካዎች ትልቅ ፈተና ነው። በቻይና አገር ይህ በተግባር ታይቷል። ገለባ የሚቀቅሉ ትናንሽ ፋብሪካዎች በየወንዙ ዳር በዝተው ወንዞቹን አጠቆሩ። በመጨረሻ መንግሥቱ በ1996 እ.ኤ.አ. በዓመት ከ5,000 ቶን በታች የሚያመርቱት እንዲዘጉ አዘዘ፤ ብዙዎቹም ተዘጉ።

ስለዚህ አንድ ባለሀብት መጥቶ «የኔ ፋብሪካ ድኝ የለበትም፣ አይሸትም» ቢል፣ መልሱ «ጥቁሩን ውኃ የት ታደርገዋለህ? ምድጃህን አሳየን» መሆን አለበት። ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ፐልፑ ቡናማ ነው፤ ነጭ ለማድረግ ሌላ መድኃኒት ይገባበታል። በድሮው ጊዜ ክሎሪን ነበር። ከክሎሪን የሚመጣው መርዝ በዓሣና በሰው አካል ውስጥ እየተጠራቀመ ስለተገኘ ብዙ አገሮች ትተውት በሌላ ተክተውታል። ድኝ የለም ማለት ክሎሪን የለም ማለት አይደለም።

በአልኮል መቀቀልስ?

ሦስተኛ መንገድም ተሞክሯል። ሶዳም ድኝም ሳይኖር በአልኮል መቀቀል ነው። አልኮል ማለት አረቄን አረቄ የሚያሰኘው ነገር ነው። ግማሽ አልኮል፣ ግማሽ ውኃ በተዘጋ በርሜል እስከ 190 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ የሰፊ ቅጠል ዛፍ ሊግኒን ይሟሟል። ከዚያም ልክ አረቄ እንደሚወጣው አልኮሉ በትነት ተለይቶ ይመለሳል፤ ሊግኒኑ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ለጥድ ግን ብዙ አይሠራም። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በካናዳ የሙከራ ፋብሪካ ተተክሎ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቆመ። አልኮል በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ በርሜሉም ከፍ ያለ ግፊት መቻል አለበት። አረቄ የምታወጡ ሰዎች እሳቱ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁና ብዙ ማስረዳት አያሻም።

ለመቄትና ለላስታ ደጋ ምን ይሆናል?

ባሕር ዛፍ አለን፤ እንግዲህ ለወረቀት እንሽጠው ወይ? ለ1 ቶን ፐልፕ 2 ቶን ያህል ደረቅ እንጨት ያስፈልጋል። እርጥብ ከሆነ ግማሹ ውኃ ስለሆነ 4 ቶን ነው። ከፍላቂት አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወንጂ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ነው። እርጥብ ግንድ ጭኖ እስከዚያ መጓዝ ውኃ ጭኖ መጓዝ ነው። አጠናው ለቤት ሥራ ወልድያ ወርዶ ቢሸጥ ይሻለዋል።

ፋብሪካውስ ወደኛ ቢመጣ? በቀን 100 ቶን ፐልፕ የሚያወጣ ፋብሪካ እናስብ። በዓለም ሚዛን ይህ ትንሽ ፋብሪካ ነው። በየቀኑ 400 ቶን እርጥብ እንጨት ይበላል። 5 ቶን በሚጭን መኪና 80 ምልልስ ማለት ነው፤ በየቀኑ። በዓመት 330 ቀን ቢሠራ 33,000 ቶን ፐልፕ ነው። ለ1 ቶን 4 ሜትር ኩብ እንጨት ብንል 132,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። 1 ሄክታር በዓመት 15 ሜትር ኩብ ቢሰጥ 8,800 ሄክታር ባሕር ዛፍ ያስፈልጋል። 1 ሄክታር 4 ጥማድ ነውና ከ35,000 ጥማድ በላይ ነው። ይህ ሁሉ መሬት ገብስና ባቄላ አይዘራበትም። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሌላ እንደማያበቅልና የምንጭ ውኃ አጠገብ ሲተከል ምንጩን እንደሚያደርቅ የአገር ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታል።

ውኃስ? ዘመናዊ ፋብሪካ እንኳ ለ1 ቶን ፐልፕ ከ20 እስከ 50 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል። 20 ሜትር ኩብ ማለት 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 1,000 ጀሪካን ነው። በቀን ለ100 ቶን 100,000 ጀሪካን። ለአንድ ጀሪካን ውኃ ገደል ወርደው የሚወጡ እናቶች ባሉበት አገር ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የላስታ ወንዞች ደግሞ ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ በክረምት ሞልተው በበጋ ይሳሳሉ። በበጋ የሚለቀቅ ጥቁር ውኃ የሚቀጥነው በምን ውኃ ነው?

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ቦታው ውኃ የማይጎድልበት፣ እንጨቱ በቅርብ ያለበት፣ መንገዱ ቀና የሆነበት ነው። ለደጋው ግን ጥቂት ነገር ይቀራል። ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ፣ እህል በማያበቅለው ገደላ ገደል ላይ ሲተከል ኩበቱ ከምድጃ ተርፎ ወደ እርሻው ይመለሳል። ይህ ከወረቀቱ ይልቅ ለኛ ይቀርባል። ያለቀ ደብተርም አይቃጠል። አሮጌ ወረቀት ተሰብስቦ ወደ ፋብሪካ ቢደርስ ጭረቱ አንድ ጊዜ ተቀቅሏልና እንደገና ሶዳም ድኝም አይፈልግም፤ በውኃ ተበጥብጦ ይነጠፋል። ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ጭረቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አምስትና ስድስት ጊዜ ያህል ያገለግላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሐበሻ ጥድ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ለምን «ለስላሳ እንጨት» ተባለ?

2. አንድ ፋብሪካ በቀን 50 ቶን ፐልፕ ቢያወጣ ስንት ቶን እርጥብ እንጨት ይፈልጋል? 5 ቶን በሚጭን መኪና ስንት ምልልስ ይሆናል?

3. ለ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 20 ኪሎ ሶዳ ቢገባና ፋብሪካው ምድጃ ባይኖረው፣ ለ1 ቶን ፐልፕ ስንት ኪሎ ሶዳ ወደ ወንዝ ይሄዳል? ምድጃ ኖሮት ከ100 ኪሎ 95ቱን ቢመልስስ?

4. በቀበሌያችሁ ባሕር ዛፍ የተተከለው የት የት ነው? ከምንጩ ስንት እርምጃ ይርቃል? ሄዳችሁ ለኩ።